ማያስቴኒያ ግራቪስ ላለባት ነፍሰ ጡር፦ ይህችን ካርድ አዘጋጁ

ማያስቴኒያ ግራቪስ (የነርቭ መልእክት ለጡንቻ በደንብ ሳይደርስ ቀርቶ ጡንቻ የሚዝልበት በሽታ) ያለባችሁ ነፍሰ ጡሮች፣ ይህችን ነገር ዛሬ ነገ ሳትሉ አድርጉ። ጠንከር ባለች ትንሽ ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ማያስቴኒያ ግራቪስ አለብኝ። ማግኒዥየም ሰልፌት ከመስጠታችሁ በፊት የነርቭ ሐኪሜን አማክሩ» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ መድኃኒታችሁን ከነመጠኑና ከነሰዓቱ፣ የሐኪማችሁንም ስልክ ጨምሩ። የእርግዝና ክትትል ካርዳችሁ ፊት ላይ ለጥፏት። ፎቶዋም ስልካችሁ ላይ ይኑር፤ ባለቤታችሁ ወይም አብሯችሁ የሚሄደው ሰው ስልክ ላይም እንዲሁ።

ለምን መሰላችሁ? በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት በጣም ሲጨምር፣ እናትየዋን እንዳያንቀጠቅጣት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታዘዘው ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። ለሌሎች እናቶች ሕይወት አዳኝ ነው። ነገር ግን ነርቭ ለጡንቻ መልእክት የሚያደርስበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ይቀንሳል። የእኛ ችግር ደግሞ እዚያው ላይ ነው! ድካሙ ብሶ ትንፋሽ እስከማሳጠር ሊደርስ ይችላል። ምጥ የያዛት ሴት ይህን ሁሉ ቁጭ ብላ አታስረዳም፤ ምላሷም ሊተሳሰርባት ይችላል።

እዚያችው ካርድ ላይ ከታች ስለ ሕፃኑ አንድ መስመር ጻፉ፦ «በመጀመሪያዎቹ ቀናት አተነፋፈሱንና አጠባቡን በቅርብ ተከታተሉ»። አንዳንድ ሕፃናት ከእናታቸው በተላለፈ ፀረ እንግዳ አካል የተነሳ ለጥቂት ሳምንታት ይዝላሉ። አይዟችሁ፣ ያልፋል።

ካርዷ ሐኪሞቹን ለማስጠንቀቅ እንጂ ሕክምና ለመከልከል አይደለችም። የመጨረሻው ውሳኔ የእነሱ ነው። መድኃኒታችሁንም በራሳችሁ አታቋርጡ። መዋጥ ካቃታችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።