ጫፉ ወደ መነሻው አልመለስ ሲል፦ በሙቀት የሚሠሩ የማይክሮ አንቀሳቃሾች ችግርና መፍትሄ

በሙቀት የሚሠራ ማይክሮ አንቀሳቃሽ በቺፕ ላይ ያለ ቀጭን የሲሊከን ክንድ ነው፤ ከረንት ሲያልፍበት ሞቆ ይረዝማል፣ ጫፉንም ያንቀሳቅሳል። ሬዚስታንሱ (ከረንትን የሚቋቋምበት መጠን) ትክክል ሆኖ ክንዱ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ፣ ከሥሩ ካለው ወለል ጋር ተጣብቋል። ከክንዱ ሥር ያለው ንብርብር በአሲድ ተወግዶ ክንዱ ነፃ ከወጣ በኋላ ቺፑ በአየር ሲደርቅ የውኃው የገጽ ውጥረት ክንዱን ወደ ታች ስቦታል ማለት ነው። ቀጣዩን ቺፕ ከ31 ዲግሪ ሴልሺየስና ከ74 ባር በላይ ባለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያድርቁ፤ በዚህ ሁኔታ የገጽ ውጥረት የለውም። ሬዚስታንሱ በየልኬቱ የሚዋዥቅ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የመለኪያው መርፌ ነው፤ ባለአራት ሽቦ ልኬት (ከረንቱ በሁለት ሽቦ፣ ቮልቴጁ በሌሎች ሁለት የሚለካበት) ይጠቀሙ።

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ብልሽት ግን ሌላ ነው፤ ኃይሉ ሲቋረጥ ጫፉ ከመነሻው ወደ ኋላ አልፎ ይቆማል። 200 ማይክሮሜትር የሚረዝም የፖሊሲሊከን (ከጥቃቅን ክሪስታሎች የተሠራ ሲሊከን) ክንድ በአማካይ 400 ዲግሪ ሲሞቅ የሚረዝመው ወደ ሩብ ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ ይህን ወደ በርካታ ማይክሮሜትር የሚያጎላው የመዋቅሩ ቅርጽ ነው። ተጠቃሚው በዚህ ሳይረካ ቮልቴጁን ይጨምራል፤ ኃይሉ ግን በቮልቴጁ ካሬ ልክ ያድጋል። ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋ ተጨምቆ የቆየው ክንድ በቋሚነት ይሸበሸባል፤ ሲቀዘቅዝም ከቀድሞው አጥሮ ጫፉን ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

አንድ ጊዜ «የአመራረት ጉድለት» ተብሎ ሊጣል የነበረ ቺፕ መረመርሁ፤ ክንዶቹ በሙሉ ወደ ኋላ ታጥፈው ነበር። ቮልቴጁ የተመረጠው በአየር ውስጥ ሲሆን ሙከራው የተካሄደው በቫክዩም (አየር በወጣለት ክፍል) ነበር። በአየር ውስጥ አብዛኛው ሙቀት ከክንዱ ሥር ባለው የ2 ማይክሮሜትር ክፍተት በኩል ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ በቫክዩም ግን መውጫው የክንዱ ሁለት መሠረቶች ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። በአየር የተመረጠን ቮልቴጅ ፈጽሞ ወደ ቫክዩም አይውሰዱ! በሌላ ጊዜ ጥፋተኛው ርካሽ የኃይል ምንጭ ነበር፤ በተከፈተ ቁጥር ለጥቂት ሚሊሰከንድ ከተመደበው ቮልቴጅ በላይ ይዘላል፣ ክንዱ የሚግለው ደግሞ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከቺፕ ጋር መገናኘት የለበትም፤ ቮልቴጁም ሁልጊዜ ከዜሮ ቀስ እያለ ይነሣ።

የታጠፈ ክንድ አይቃናም፤ የሚሻለው አዲሱን ከጉዳት መጠበቅ ነው፤ ለዚህም ሙቀቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ቺፑን በምድጃ ውስጥ በተለያየ ሙቀት አቆይተው፣ ክንዱን በማያሞቅ አነስተኛ ከረንት ሬዚስታንሱን ይመዝግቡ፤ ከዚያ በኋላ ክንዱ ራሱ ቴርሞሜትር ይሆናል። ነገር ግን ይህ የሚነግረን አማካይ ሙቀትን ነው፤ ሙቀቱ በመሠረቶቹ ብቻ በሚወጣበት ክንድ የመካከሉ ጭማሪ ከአማካዩ አንድ ተኩል እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ አማካዩ በ300 ዲግሪ ከጨመረ መካከሉ በ450 ጨምሯል። በማይክሮስኮፕ ሥር ቀልቶ እስኪያበራ የሚጠብቁ አሉ፤ ብርሃኑ ሲታይ ክንዱ አልፎለታል። ወርቅ የተቀባበትን አካባቢም ይጠንቀቁ፤ ወርቅና ሲሊከን ሲገናኙ በ363 ዲግሪ ይቀልጣሉ።