ሁለት ዛፍ መውጣት፦ በታሪክ ስትራቴጂ ጌም ብዙ አገር ስትመሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል የአገሬ ሰው። እኔና የአክስቴ ልጅ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለት ዛፍ ስንወጣ ነው የከረምነው። እኔ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። እሱ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደንገጎን ወርዶ ይመጣል። ሳምቡሳ በፌስታል ይዞ ይገባል፣ እኔ ቬንትሌተሩን አበራለሁ፣ ላፕቶፑን እንከፍታለን። የምንጫወተው ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 ነው።

ጌሙን ለማታውቁት፦ ፓራዶክስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ በ2013 ያወጣው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ጌሙም የሚቆጥረው እንደዚያ ነው።) ኖቬምበር 11 ቀን 1444 ይጀምርና 1821 ላይ ያበቃል። ካርታው ላይ ካሉት አገሮች የፈለጋችሁትን ትመርጣላችሁ። ጦሩ፣ ንግዱ፣ ሃይማኖቱ፣ የነገሥታት ጋብቻው፣ ብድሩ፣ ሁሉም በእጃችሁ ነው። የቀሩትን አገሮች ኮምፒውተሩ ይመራቸዋል።

አይረንማን የሚባለውን አማራጭ (ሴቩን ጌሙ ራሱ የሚቆጣጠርበትን) ካላበራችሁ ደግሞ አገር መቀየር ይቻላል። ሴቭ አድርጋችሁ ትወጣላችሁ፣ ሴቩን መልሳችሁ ስትከፍቱ ሌላ አገር ትመርጣላችሁ። ቅድም የኢትዮጵያ ንጉሥ የነበረ ሰው አሁን የአዳል ሱልጣን ይሆናል። እኛ ሦስት አገር ይዘናል፤ ኢትዮጵያ፣ አዳልና ኦቶማን። በጌሙ አቆጣጠር በየ20 ዓመቱ እንቀያየራለን። አንዱ ማውሱን ሲይዝ ሌላው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያያል። እንዲህ ሲጫወቱ ጌሙ ሌላ ጌም ይሆናል። ስህተቱም ሌላ ነው። ዋና ዋናዎቹን ልንገራችሁ።

አንዱን ልጅ፣ ሌላውን የእንጀራ ልጅ ማድረግ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው። ልቤ ያለው ኢትዮጵያ ላይ ነበር፣ ተራዬ ግን አዳልን መምራት ሆነ። ምን አደረግሁ? የአዳልን ጦር በተንኩት። ምሽጎቹን አፈረስኳቸው። ካዝናውን ባዶ አደረግሁት። ከዚያ ተራው ዞሮ ኢትዮጵያን ስይዝ ያለ ምንም ጣጣ ዘይላ ገባሁ፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር ደረስኩ ብዬ ደስ አለኝ።

የአክስቴ ልጅ ሳምቡሳውን አስቀመጠና «አቦ ይሄ ጨዋታ ነው እንዴ? እርድ ነው እንጂ!» አለኝ። እውነቱን ነው። የታረደ አገር ላይ ድል የለም። ከዚያ በኋላ ያለው 100 ዓመት ባዶ ነበር፤ የሚያሰጋኝ ጎረቤት አልነበረም፣ የሚያስጨንቅ ውሳኔ አልነበረም። ያንን ሴቭ ጥለን እንደ አዲስ ጀመርን።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደብተር አለን። ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ አገር ሁለት ገጽ ሰጥተነዋል። አገሩን ከመያዛችን በፊት የዚያ አገር ሰው ምን እንደሚፈልግ እንጽፋለን። በአዳል ገጽ ላይ የመጀመሪያው መስመር «ዘይላን አትልቀቅ፤ ወደቡ ከሄደ ሁሉም ሄደ» ይላል። በኢትዮጵያ ገጽ ላይ «ደጋውን ጠብቅ፣ ወደ ባሕር መውጫ ፈልግ» ይላል። ሁለቱ ይጋጫሉ። መጋጨታቸው ነው ጨዋታውን የሚያጣፍጠው። አዳልን ስትይዙ የአዳል ሰው ሁኑ። ኢትዮጵያን ስትይዙ የኢትዮጵያ ሰው። ለኛማ ሁለቱም የኛ ናቸው፤ እኔ ከታች ከድሬ፣ እሱ ከላይ ከሐረር ሆነን ስንጫወት አንዱ የሩቅ ጠላት ሆኖ አይታየንም።

የአንዱን አገር ዘዴ ለሌላው ማልበስ

ኦቶማንን ለ20 ዓመት የመራ ሰው እጁ ይበላሻል። ጦሩ ብዙ ነው፣ ገንዘቡ ብዙ ነው፣ የገጠመውን ሁሉ ያሸንፋል። ከዚያ ኢትዮጵያን ይዞ በዚያው ልክ ሲሮጥ ይሰበራል።

ቦታው ራሱ የተለየ ነው። ጌሙ ውስጥ ውጊያ በዳይስ ነው የሚወሰነው። ደጋማ መሬት ላይ የሚያጠቃ ጦር ከዳይሱ 1 ይቀነስበታል። ተራራ ላይ 2 ይቀነስበታል። ወንዝ ተሻግሮ የሚያጠቃ ደግሞ ሌላ 1 ይቀነስበታል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን ዳይሱ ከ0 እስከ 9 ብቻ መሆኑን አትርሱ። ከድሬዳዋ ተነስቶ ደንገጎን በእግሩ የወጣ ሰው ይሄ ለምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ላይ ደርሶ ትንፋሹ እስኪመለስ ስንት ደቂቃ ይቆማል? አሁን እላይ ሆኖ የሚጠብቀው ጦር አለ እንበል። ስለዚህ ኢትዮጵያን ስትመሩ ጠላት ወደ እናንተ ይምጣ። ደጋው ላይ ቁሙ፣ ደክሞ ሲወጣ ተቀበሉት። አዳልን ስትመሩ ደግሞ ወደ ላይ ለመውጣት አትቸኩሉ። ጠላት ቆላ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ወይም ጦሩ ሌላ ጦርነት ላይ ሆኖ ደጋው ባዶ የሚሆንበትን ወቅት ፈልጉ።

ሁለተኛው ልዩነት ጌሙ ኢንስቲትዩሽን የሚላቸው ነገሮች ናቸው። ሬኔሳንስ 1450 ላይ ጣሊያን ውስጥ ይነሳል። ቅኝ ግዛት በ1500፣ ማተሚያ በ1550 እያለ ይቀጥላል። እነዚህ ቀስ እያሉ ከአገር አገር ይዛመታሉ። ያልደረሳችሁ ከሆነ ቴክኖሎጂ እየተወደደባችሁ ይሄዳል። ኦቶማን ለአውሮፓ ቅርብ ስለሆነ ቶሎ ይደርሰዋል፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያዋጣዋል። ኢትዮጵያና አዳል ግን ከጠበቁ በጣም ይዘገይባቸዋል። ለነሱ መፍትሔው አንድ ጥሩ ክፍለ ሀገር መርጦ ጌሙ በየጊዜው የሚሰጠውን ነጥብ እያፈሰሱ ማልማት ነው። ልማቱ ከፍ ሲል ኢንስቲትዩሽኑ እዚያው ይበቅላል። ብዙ ሰው ነጥቡን በሙሉ ለጦርነት ይጨርስና 1550 ላይ «ለምን ተሸነፍኩ?» ይላል። የተሸነፈው ውጊያው ላይ አይደለም። ከ50 ዓመት በፊት ነጥቡን ሲበትን ነው።

ንግዱም እንደዚያው ነው። ጌሙ ውስጥ ንግድ እንደ ወንዝ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈስሳል። መጨረሻው ቬኒስ፣ ጄኖዋና የእንግሊዝ ቻናል ነው። እኛ ከወንዙ ራስ በኩል ነን፤ የእስያን ዕቃ ሁሉ እዚህ ሰብስቤ አስቀራለሁ ማለት አይሆንም። የሚቻለው ከሚያልፈው ድርሻ መቁረጥ ነው። የድሬ ልጅ ይሄ አይጠፋውም። ከተማችን ራሷ የተቆረቆረችው በ1902 ከጅቡቲ የመጣው ባቡር እዚህ ሲደርስ ነው። ዕቃ ከሚያልፍበት መንገድ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ከመጋላ በላይ ማን ያስተምራል?

በር ሳይዘጉ መውጣት

ከአንድ አገር ስትለቁ ኮምፒውተሩ ይረከበዋል። የናንተን ሐሳብ አያውቅም። የሚያየው ያለውን ብቻ ነው። ጦርነት መሀል ጥላችሁ ከሄዳችሁ በራሱ መንገድ ይዋጋዋል። ጦራችሁ መርከብ ላይ እንዳለ ከተዋችሁት ወዴት እንደሚወስደው አታውቁም። የእናንተን ምሽግ አላስፈላጊ ነው ብሎ ሊያፈርሰውም ይችላል።

አንድ ጊዜ ኢትዮጵያን ካዝናዋ ሞልቶ፣ ጦሯ አርፎ ነበር የተውኳት። ለ20 ዓመት ኦቶማንን ይዤ ቆየሁ። ስመለስ አራት ብድር አለባት፣ ሁለት ክፍለ ሀገር ሄዷል። ምን ተፈጠረ ብዬ ታሪኩን አንድ በአንድ አየሁት። ለካ እኔ ራሴ ከመውጣቴ በፊት ከአንድ ጠበኛ ጎረቤት ጋር ወዳጅነት ፈርሜ ነበር። ለኔ ጊዜያዊ ብልሃት ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ወዳጁ ሲጠራው ሄደ፣ የማይመለከተው ጦርነት ውስጥ ገባ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማልከፍለውን ቃል ገብቼ ነው የወጣሁት።

አሁን ከመቀየራችን በፊት አምስት ደቂቃ እንወስዳለን። ጦርነት ካለ ሰላም እንፈርማለን። ብድር ካለ እንከፍላለን። ጦሩን ወደ አገር ውስጥ እንመልሳለን። መዘዝ የሚያመጣ ወዳጅነት ካለ እናፈርሳለን። የእርቁ ጊዜ መቼ እንደሚያልቅ ደብተሩ ላይ እንጽፋለን። ይሄኛውን አደራ አትዝለሉት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለሱ ማን ከማን ጋር እንደታረቀ ከጭንቅላታችሁ ይጠፋል።

ግዙፉን በገዛ እጅ ማሳደግ

በእውነተኛው ታሪክ ኦቶማን ማምሉኮችን በ1516 እና በ1517 ድል አድርጎ ግብፅን ያዘ። ጌሙ ውስጥም ኦቶማንን ስትይዙ ያው ያምራችኋል። ግብፅ ሀብታም ናት፣ ማምሉኮቹ ደካማ ናቸው። ትበላላችሁ። ከዚያ ተራው ዞሮ ኢትዮጵያን ስትይዙ በሰሜን በኩል ማን እየመጣ እንደሆነ ታያላችሁ። እናንተው ናችሁ ያሳደጋችሁት።

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለዚህ ነው። ጌሙ ሁለት ልጓም አለው። አንደኛው ከአቅም በላይ መስፋፋት ነው። ያልተዋሐደ አዲስ መሬት በዝቶ ቁጥሩ ከ100 በመቶ ሲያልፍ አገሩ በአመፅ ይታመሳል። ሁለተኛው እኛ ቂም የምንለው ነው። መሬት በወሰዳችሁ ቁጥር ጎረቤት ሁሉ ይመዘግብላችኋል። አንዱ ጋ 50 ሲደርስ ከሌሎች ጋር ግንባር ፈጥሮ ሊነሳባችሁ ይችላል። ብዙ አገር ስትመሩ ቂሙ ከናንተ ጋር አይሄድም፤ አገሩ ላይ ይቀራል። በአንዱ ተራ ላይ ስትበሉ የከረማችሁትን በሌላው ተራ የሚቀበለው ጓደኛችሁ ነው። እኛ በአንድ ተራ ከሁለት ትልልቅ ጦርነት በላይ አንከፍትም ብለን ተስማምተናል።

የሁለቱንም ምስጢር ማወቅ

ብቻችሁን የምትጫወቱ ከሆነ ይሄ ይከብዳል። የአዳል ጦር ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ምሽግ ባዶ እንደሆነ ከአሥር ደቂቃ በፊት ራሳችሁ አይታችኋል። ያንን ይዛችሁ ኢትዮጵያን ብትመሩ ሰላይ ናችሁ። እኔ የማደርገው ከቀየርኩ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት በዚያ ጎረቤት ላይ ጦርነት አለመክፈት ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ኮምፒውተሩ ነገሩን ስለሚቀያይረው የማውቀው ያረጃል።

ፍጥነትና ሴቭ

ጌሙ ከ1 እስከ 5 ፍጥነት አለው። ጦርነት ላይ ሆናችሁ 5 ላይ አታድርጉት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አንድ ውጊያ በአይን ጥቅሻ አልፎ ጦሩ ሲያልቅ አይቻለሁ። ስፔስን ተጭናችሁ አቁሙ፣ አስቡ፣ ቀጥሉ።

ሴቩን ደግሞ በስምና በዓመት አስቀምጡ፤ «አዳል 1504»፣ «ኢትዮጵያ 1524» እያላችሁ። አንድ ሴቭ ላይ ብቻ እየደረባችሁ አትጻፉ። ድሬ ላይ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም፣ ባትሪው ያረጀ ላፕቶፕ ደግሞ አይጠብቅም። ሰባት ሰዓት ላይ በዚያ ሙቀት ላፕቶፑ ራሱ ግሎ ይጠፋል። እኛ ከሥሩ ሁለት መጽሐፍ አድርገን ከፍ እናደርገዋለን፣ አየር እንዲገባው።

ታሪኩ ራሱን እንዲደግም መጠበቅ

ጌሙ ሲጀምር ኢትዮጵያ ላይ ዘርዓ ያዕቆብ ነው፣ አዳል ላይ ሱልጣን በድላይ። በእውነተኛው ታሪክ ሁለቱ በ1445 ጎሚት ላይ ተዋጉ፣ በድላይም እዚያው ወደቀ። ጌሙ ከሚጀምርበት ቀን አንድ ዓመት ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ አዲስ ሰው አዳልን ሲይዝ ይፈራል፤ ኢትዮጵያን ሲይዝ ደግሞ ማሸነፉ የተጻፈ ይመስለዋል። አይደለም። ኢማም አሕመድ በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ያሸነፉት ጌሙ ውስጥ የግድ አይመጣም። በ1543 ወይና ደጋ ላይ የሆነውም እንደዚያው። በኛ ጨዋታ በድላይ ከጎሚት ዓመት በኋላ ብዙ ኖሯል። የአክስቴ ልጅ ያን ቀን ከወንበሩ ተነስቶ ሲያጨበጭብ የነበረው አይረሳኝም።

ታሪኩን ማወቅ ግን ይጠቅማል። ሁለቱም ለምን ወደ ዘይላ መንገድ እንደሚሳቡ ካወቃችሁ ካርታው ይናገራችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሃርትስ ኦፍ አይረን 4 የሚባለው የዚያው ኩባንያ ጌም ጃንዋሪ 1936 ሲጀምር ኢትዮጵያ ከጣሊያን ጋር ጦርነት ላይ ናት። እዚያም አገር መቀያየር ይቻላል። አንድ ቀን ጣሊያንን ልያዝ ብዬ ከፈትኩት። ጦሬ ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ የከተሞቹ ስም አንድ በአንድ ይታየኛል። አያቴ የነገረችኝ ሁሉ መጣብኝ። አቆምኩት፣ ሴቭም አላደረግሁም። ልትይዙት የማትችሉት አገር ካለ አትያዙት። አገር መቀያየር በግድ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ 1584 ላይ አቆምን። ማውሱ የሱ ነበር፣ የሚመጣው ተራ የኔ ነው፣ አዳልን ይዤ። ሊሄድ ሲል ሚኒባስ እንዳያመልጠው እየተጣደፈ ደብተሩን አነሳና በኢትዮጵያ ገጽ ግርጌ ጻፈ፦ «እርቁ እስከ 1591። ብድር የለም። ጦሩ ደጋ ላይ ነው። እስቲ ና ሞክር።»