የፋይል ዓይነት በኮድ እንዴት ይለያል? ስሙን ሳይሆን ውስጡን እዩ

አራት ኪሎ አካባቢ ላለ ፎቶ ኮፒ ቤት ደንበኞች ፋይል የሚልኩበት ትንሽ ሲስተም ሠርቼ ነበር። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ሥራ ፈላጊው ሲቪውን ይልካል። ብዙ ሰው «ፒዲኤፍ አድርገህ ላክ» ሲባል በስልኩ ያነሳውን ፎቶ ስሙን ብቻ ቀይሮ ይልካል። ክፋት የለበትም፣ ስም ሲቀየር ፋይሉም የሚቀየር መስሎት ነው። ኮዳችሁ ግን ይህን ማወቅ አለበት።

1. ኤክስቴንሽኑን ውሰዱ፣ ግን አትመኑት

ኤክስቴንሽን ማለት በፋይሉ ስም ውስጥ ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለው ነው፤ እሱን ለይታችሁ ውሰዱና ወደ ትንሽ ፊደል ቀይሩ። ከመጨረሻው ነጥብ ነው ያልኩት። ዊንዶውስ ሴቲንጉ ሳይነካ ከተተወ የሚያውቀውን ኤክስቴንሽን ይደብቃል፤ ስለዚህ «ፎቶ.ጄፔግ.ኢኤክስኢ» የሚባል ፕሮግራም ለተጠቃሚው «ፎቶ.ጄፔግ» ብቻ ሆኖ ይታየዋል። በፍላሽ የሚዞር ቫይረስ በዚህ በኩል ነው ሰው የሚያታልለው።

የፓይተን «ማይምታይፕስ» ሞጁልም ዓይነቱን የሚገምተው ከስሙ ነው፣ ፋይሉን አይከፍተውም። ብራውዘሩ አብሮ የሚልከው የፋይል ዓይነትም አብዛኛውን ጊዜ ከስሙ የመጣ ግምት ነው።

2. የመጀመሪያዎቹን ባይቶች አንብቡ

ማንኛውም ፋይል ውስጡ የባይቶች ተራ ነው፣ እያንዳንዱ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው። ፋይሉን በባይነሪ ሞድ (ባይቶቹን እንዳሉ በሚያነበው) ክፈቱ፣ 16 ባይት አንብቡ። ለብዙዎቹ ይበቃል። በአስርዮሽ ቁጥር ሲጻፉ፦

- ጄፔግ፦ 255 216 255
- ፒኤንጂ፦ 137 80 78 71 13 10 26 10
- ፒዲኤፍ፦ 37 80 68 70 45
- ዚፕ፦ 80 75 3 4
- የዊንዶውስ ፕሮግራም፦ 77 90

ዌብፒ ትንሽ ይለያል፣ የመጀመሪያዎቹን 4 ባይቶች ከዌቭ ድምፅ ፋይል ጋር ይጋራል፤ መለያው ከ9ኛው እስከ 12ኛው ባይት ላይ ነው ያለው። የአይፎን ሄይክ ፎቶም መለያው ከ5ኛው ባይት ይጀምራል።

ይህን ሁሉ በእጅ መጻፍ ግድ አይደለም። ሊኑክስ ላይ ያለው «ፋይል» የተባለው ትእዛዝ የሚጠቀምበትን ሊብማጂክ የተባለ የፋይል ዓይነት መለያ ላይብረሪ ከፓይተን መጥራት ይቻላል፣ እኔም የምመክረው እሱን ነው። ድሮ የተጻፉ ማስተማሪያዎች የፎቶ ዓይነት የሚለየውን «ኢምግኤችዲአር» ሞጁል ተጠቀሙ ይላሉ፤ ከፓይተን 3.13 ጀምሮ ከፓይተን ወጥቷል፣ እለፉት።

3. ዚፕ ካገኛችሁ ገና አልጨረሳችሁም

የአሁኑ ወርድ፣ ኤክሴልና ፓወርፖይንት፣ የአንድሮይድ አፕም ጭምር፣ በውስጣቸው ዚፕ ናቸው። መጀመሪያቸው አንድ ነው። ለመለየት በውስጡ ያሉትን የፋይል ስሞች ዝርዝር አንብቡ። የወርድ ሰነድ «ወርድ» የሚል ፎልደር አለው፣ የአንድሮይድ አፕ ደግሞ ማኒፌስት ፋይል አለው። ዝርዝሩን ብቻ አንብቡ፣ ፋይሉን አትዘርግፉት፤ ትንሽ ዚፕ ሲፈታ ዲስክ ሊሞላ ይችላል።

ዝርዝሩ ያለው ፋይሉ መጨረሻ ላይ ነው። ዳታ መሃል ላይ ተቋርጦ ግማሹ ብቻ የደረሰ ሰነድ መጀመሪያው ትክክል ነው፣ ግን አይከፈትም። ስለዚህ ዝርዝሩ አልነበብም ካለ «ያልተፈቀደ ፋይል» አትበሉ፣ «ፋይሉ ሙሉ አልደረሰም፣ እንደገና ይላኩ» በሉ።

4. ተራ ጽሑፍ፦ አማርኛ የሚበደልበት ቦታ

ተራ ጽሑፍና ሲኤስቪ (በኮማ የተለየ የሰንጠረዥ ጽሑፍ) መጀመሪያቸው ላይ የራሳቸው ምልክት የላቸውም። ስለዚህ ብዙ ኮድ «ከ127 በላይ የሆነ ባይት ከበዛ ጽሑፍ አይደለም» ብሎ ይገምታል። ይህ ግምት ለእንግሊዝኛ ይሠራል። ፊደልን በባይት ለመጻፍ በብዛት በሚሠራበት ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8 ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፣ ሦስቱም ከ127 በላይ ናቸው። «ሀ» ማለት 225 136 128 ነው። በንጹሕ አማርኛ የተጻፈ ማመልከቻ እንዲህ ባለ ኮድ ፊት እንደ ቆሻሻ ይቆጠራል። ይህ በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ኮዱን የጻፈው ሰው በአማርኛ ፋይል አንድ ጊዜ ቢሞክረው ኖሮ ወዲያው ያየው ነበር።

ትክክለኛው መንገድ በዩቲኤፍ-8 ለማንበብ መሞከር ነው። ግን እዚህም ወጥመድ አለ። ፋይሉን በሙሉ ላለማንበብ ብላችሁ 4096 ባይት ብቻ ብትወስዱ መጨረሻው ፊደል መሃል ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ 4096 ለ3 እኩል አይካፈልም፣ በመሃል ያሉት ክፍት ቦታዎች ደግሞ አንድ አንድ ባይት ናቸው። ፊደሉ ተቆርጦ ሲቀር ፓይተን ስህተት ይላል፣ ኮዳችሁም ጤነኛውን ጽሑፍ ይጥለዋል። ያው ፋይል አንድ ፊደል ቢጨመርበት ሊያልፍ ይችላል፣ ስለዚህ ችግሩ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ባይትን ወደ ፊደል የሚመልሰውንና በጥቂት በጥቂት የሚያነበውን ዲኮደር ተጠቀሙ፣ የተቆረጠውን ጫፍ ይዞ ይጠብቃል።

ዋጋው ዜሮ የሆነ ባይት ካገኛችሁ ብዙውን ጊዜ ጽሑፍ አይደለም፤ በ255 254 የሚጀምር ከሆነ ግን ዩቲኤፍ-16 የተባለው ሌላው የጽሑፍ አጻጻፍ ዘዴ ሊሆን ስለሚችል ቀድማችሁ እሱን አረጋግጡ።

5. ሁለቱን አስተያዩ

የምትቀበሉትን ዓይነት ዝርዝር ራሳችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ውጭ የሆነውን መልሱ። ስሙና ውስጡ ካልተስማሙ ውስጡን እመኑ። በፒዲኤፍ ስም የመጣ ፎቶ ከሆነ ደንበኛውን ከመመለስ ትክክለኛውን ኤክስቴንሽን ሰጥታችሁ አስቀምጡለት። ፕሮግራም ከሆነ ግን በማንኛውም ስም ቢመጣ አይግባ።