«ጌታ ነግሮኛል» እና ሌሎች የእጮኝነት ስህተቶች

ወጣቱ ልጅቷን ለወራት ሲያያት ከርሟል። ወዷታል፤ መናገር ግን ፈርቷል። አንድ ቀን ከጸሎት በኋላ ጠብቆ «ሚስቴ እንደምትሆኚ ጌታ ነግሮኛል» ይላታል።

የመጀመሪያውም የከፋውም ስህተት ይህ ነው። «ወድጄሻለሁ» ቢላት ኖሮ «እኔ አልወደድኩህም» ብላ በሰላም ትለየው ነበር። አሁን ግን እምቢታዋ እግዚአብሔርን እምቢ ማለት ሆነባት። የራሱን ፍርሃት በጌታ ስም ሸፍኖ የእርሷን አፍ ዘጋ። ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ የተላከው የአብርሃም ሎሌ ጸልዮ፣ ምልክቱን አይቶ፣ የርብቃ ወንድም ላባና አባቷ ባቱኤልም ነገሩ ከእግዚአብሔር እንደ ሆነ ካመኑ በኋላ እንኳ ርብቃ ተጠርታ «ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን?» ተብላለች (ዘፍጥረት 24)። ጥያቄው ስለ ጉዞው ቀን ብቻ ነበር የሚል ይኖራል። ይሁን፤ «እሄዳለሁ» ያለችው ግን ራሷ ናት። ጳውሎስም ባሏ የሞተባት ሴት በጌታ ይሁን እንጂ የወደደችውን ማግባት እንደምትችል ጽፏል (1ኛ ቆሮንቶስ 7፥39)። የሚወዱትን መምረጥ የሚያሳፍር ነገር ቢሆን ኖሮ ምርጫውን ለእርሷ ባልተወላት።

ሁለተኛው «ስጸልይ ሰላም ተሰማኝ» ብሎ ነገሩን መደምደም ነው። ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት እየሸሸ በመርከብ ውስጥ ከባድ እንቅልፍ ተኝቶ ነበር። ጌታችን ደግሞ በጌቴሴማኒ የአባቱን ፈቃድ ሊፈጽም ተንበርክኮ ሳለ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ አዝና ነበር። ታዲያ ከሁለቱ በፈቃዱ ውስጥ የነበረው ማን ነው? ሰላም ይሰማህ፤ ነገር ግን ልጅቷን የሚያውቁትን፣ አንተንም የሚገሥጹህን ሽማግሌዎች ሳትጠይቅ ቀለበት አትግዛ።

ምልክት መለመንም አለ። «ዛሬ ማታ ከደወለች የአንተ ፈቃድ ነው» ብዬ ስልኬን ፊቴ አስቀምጬ አውቃለሁ፤ ደወለች፣ መጽሐፏን እንድመልስላት። ጌዴዎን ምልክት ለምኖ የበግ ጠጉር በአውድማ ላይ ያኖረው እስራኤልን እንዲያድን እግዚአብሔር አስቀድሞ «ሂድ» ካለው በኋላ ነበር።

የመጨረሻው ከተጫጩም በኋላ ይከተላል፦ ተቀይሞ «ለጌታ ሰጥቼዋለሁ» ማለትና ለሳምንታት ማኩረፍ። ኤፌሶን 4፥26 መቆጣትን አልከለከለም፤ በቁጣችን ላይ ፀሐይ እንዳይገባ አዘዘ እንጂ። «ትናንት በሰዎች ፊት የተናገርሽው ከፋኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከመምሸቱ በፊት ሊነገር የሚችል ነው።