ወደ ላይ የሚከፈተው በር ሲያኮርፍ

ጎንደር ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደጄ ላይ የሚቆመው የቤተሰብ ኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ሞተራቸው ብዙም አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ በበተን ወደ ላይ የሚነሳው የኋላ በር ነው። የሪሞቱን ባትሪና ፊውዙን አይታችሁ ነው የመጣችሁት ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ በሩ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም

የሰለቸኝ ይሄ ነው። ብቻውን አይመጣም። የኋላ ካሜራው ብልጭ ድርግም ይላል፣ ወይ የታርጋው መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። ባለቤቱ ግን "አሞርዛተሩ ሞቷል ተብያለሁ" ብሎ ነው የሚመጣው። በሩን የሚያነሱት ሁለቱ ዘንጎች ማለቱ ነው።

አልሞተም። የተበጠሰው ሽቦ ነው። ከመኪናው ወደ በሩ የሚሻገረው ሽቦ ሁሉ ማጠፊያው አጠገብ ባለች ጥቁር የጎማ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚያችው ቦታ ላይ ይታጠፋል። መጀመሪያ ልባሱ ይሰነጠቃል። ከዚያ መዳቡ ክር በክር ያልቃል። በሩ ሲዘጋ የተበጠሱት ጫፎች ይነካካሉ፤ ሲነሳ ይለያያሉ። አንዳንዴ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በሩን ክፈቱና በእንጨት ደግፉት። እንጨቱን አትርሱ፤ ሽቦው ሲነካካ የበሩ ሞተር ድንገት ሊነሳ ይችላል። ጣት ደግሞ ከአዲስ አበባ አይታዘዝም። ከዚያ አንድ ሰው ካሜራውን ከፍቶ ስክሪኑን ይይ፣ እናንተ ቱቦዋን ወዲህ ወዲያ አነቃንቁ። ምስሉ ከተንቀጠቀጠ አገኛችሁት።

ባለፈው ጥር፣ በሠርግ ወር፣ አንድ ትልቅ ሰው መኪናቸውን አመጡ። ሙሽራ ሲታጀብ ቪዲዮ አንሺው የት እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ። የኋላውን በር ከፍቶ፣ እግሩን አንጠልጥሎ። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ እንደዚያው፣ ከዚያ ኮብልስቶን ለኮብልስቶን። ያ በር መንገዱን ሙሉ ሲዘል ነው የዋለው። ሌላ ቦታ "ሁለቱም አሞርዛተር ይቀየር" ተብለው፣ ከአዲስ አበባ አስመጥተው፣ ገንዘባቸውን ከፍለው አስቀየሩ። በሩ ያው ግማሽ ላይ ይቆማል። ቱቦዋን ስገልጣት ሁለት ሽቦ ተበጥሷል፣ ሦስተኛው በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። ከዚህ በፊት የተበጠሰም ነበር፤ ጠምዝዞ በፕላስተር የጠቀለለው ሰው አለ።

"ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው የሠራው?" አልኳቸው።

"ማን ልበልህ ልጄ፣ ያው እናንተው ናችሁ" አሉኝ። ዝም ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ትንሹን የ12 ቮልት ባትሪ ንቀሉ። ቱቦዋን ከሁለቱም ጫፍ አውጡ። የተጎዳውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ቁረጡና አዲስ ሽቦ ጨምሩ። ሽቦው ባለብዙ ክር፣ ለስላሳ ይሁን፤ ውፍረቱ ከድሮው አይነስ፣ በተለይ የሞተሩ። ዋናው ነገር መጋጠሚያው የሚታጠፈው ቦታ ላይ እንዳይሆን ነው። በሶልደር የተበየደ ሽቦ ይደርቃል፤ እዚያው ከተታጠፈ በወሩ ይሰበራል። ስለዚህ አንዱ ጫፍ መኪናው ውስጥ፣ ሌላው በሩ ውስጥ ይጋጠም። ሁሉም መጋጠሚያ አንድ ቦታ ላይ አይከመር፣ ቱቦዋ አትገባም። በሙቀት በሚጨማደድ ልባስ ሸፍኑት። ፕላስተር አይደለም። ፕላስተር አይደለም! ክረምት ሲመጣ ውሃ ይገባና መዳቡ ይበላል። ሽቦዎቹ ሁሉ ባንዴ ተቆርጠው የትኛው ከየትኛው እንደሆነ እንዳይጠፋችሁ አንድ በአንድ ሥሩ፤ አንዳንዱ ሁለት ሽቦ ቀለሙ አንድ ነው።

ብርቱካንማ ቀለም ያለው ወፍራም ኬብል የትም ቢያጋጥማችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። እሱ የትልቁ ባትሪ ነው፣ ይገድላል።

ምልክት፦ በተኑን ስትነኩት ድምፅም የለው

ትልቁ ባትሪ ሙሉ ነው ብላችሁ አትከራከሩኝ። በሩን የሚያዘው ትንሹ 12 ቮልት ነው። መኪናው ጠፍቶ በሩ ተከፍቶ ሲውል መብራቱና ኮምፒውተሩ ከእሱ ይጠጣሉ። ጥምቀት ዕለት በሩን ከፍቶ ሙዚቃ ሲያስጨፍር የዋለ ልጅ ማታ ይደውልልኛል። ተራ የሊድ አሲድ ባትሪ ከሆነ፣ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ሙሉ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ቻርጅ አድርጉት። ቶሎ ቶሎ ከወረደ ቀይሩት።

እስከዚያው በሩ ከውስጥ ይከፈታል። በብዙዎቹ ላይ የበሩ የውስጥ ሽፋን ላይ ትንሽ ክዳን አለች፤ በካቻቢቴ አንሱና ውስጥ ያለችውን ማንሻ ግፉ። አሁኑኑ ሄዳችሁ ፈልጓት። የፋሲካ ዋዜማ አንድ ደንበኛዬ በጉ ከኋላ ተቆልፎበት፣ ወንበሩን አጥፎ፣ ከበጉ ጋር እየተገፋፋ በስልክ መብራት ሲፈልጋት አምሽቷል።

ምልክት፦ በሩ ጣሪያ ይመታል

አብዛኞቹ በሮች ከላይ ያለውን ቆርቆሮ አያዩም፤ የሚያውቁት ሲነካቸው ነው። በሩን የምትፈልጉት ከፍታ ላይ አቁሙና በሩ ላይ ያለውን በተን ጢጥ እስኪል ያዙት። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ እዚያው ይቆማሉ። ሜኑው ቻይንኛ ከሆነባችሁም ይሄ ቋንቋ አይፈልግም።

ምልክት፦ በራሱ ይከፈታል

ላቫጆ። የውጪው በተን ላስቲክ ሲያረጅ የግፊት ውሃ ይገባበታል። በተኑን ቀይሩ፣ አጣቢውንም አርቁ።

ምልክት፦ ሊዘጋ ሲል ተመልሶ ይነሳል

መቆለፊያው ውስጥ ገለባ ወይም የገመድ ቁራጭ አለ።

የጎኑ በርስ ወደ ላይ ቢከፈት?

አንድ ከውጭ የመጣ ወንድማችን ቴስላ ሞዴል ኤክስ ላምጣ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 ለገዢ መድረስ የጀመረው፣ የኋላ ጎን በሮቹ እንደ ክንፍ የሚነሱት ነው። እንደ ሐሳብ ጎበዝ ነው። እያንዳንዱ በር ሁለት ቦታ ስለሚታጠፍ በጎን 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካገኘ ይከፈታል፤ ሴንሰሮቹ ጎንና ላይ ያለውን እየለኩ አከፋፈቱን ይለዋውጣሉ። ሕፃን አቅፎ ሳያጎነብሱ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ይመቻል።

ግን በሩ ሲነሳ ከጣሪያው ቁራጭ ይዞ ነው። በሐምሌ ዝናብ ወንበሩ ይታጠባል። ጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላ አይታሰርም። ፍራሽ ጭኖ ዘመድ ጋ የሚሄድ ቤተሰብ ይሄን ያስብበት። እኔ እዚህ ለእንዲህ ያለው በር መለዋወጫ የለኝም፣ ጎረቤቴም የለውም።

ካመጣኸው ግን አንድ ነገር እወቅ አልኩት። ኃይል ሲጠፋ የኋላ ጎን በሩ ከውስጥ የሚከፈተው የበሩን የስፒከር ሽፋን አውጥቶ፣ ውስጥ ያለችውን ገመድ ወደ ታችና ወደ ፊት በመሳብ፣ ከዚያ በሩን በእጅ በማንሳት ነው። ለልጆቹም አሳያቸው፤ እዚያ የሚቀመጡት እነሱ ናቸው።