ለሩጫና ለእግር ጉዞ የሚሆን የጂፒኤስ ሰዓት እንዴት ይመረጣል?

የጂፒኤስ ሰዓት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዋጋው ወይም በማሸጊያው ላይ ከተዘረዘሩት አገልግሎቶች ብዛት ነው። ሁለቱም ያሳስታሉ፤ አንድ ሰዓት ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው ከሚሮጡበት ቦታና በአንድ ጊዜ ከሚሄዱበት ርዝመት አንጻር እንጂ በራሱ አይደለምና። ክፍት ሜዳ ላይ ለ40 ደቂቃ ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ቀላሉን ሰዓት ቢገዛ የሚጎድልበት ነገር የለም። ያንኑ ሰዓት አስሮ ሙሉ ቀን ደን ለደን የሚጓዝ ሰው ግን ከቀትር በኋላ ባትሪው አልቆበት መንገዱ ሳይመዘገብ ይቀራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሱቅ መሄድ ሳይሆን ወረቀት ማውጣት ነው። አዘውትረው የሚሮጡት በክፍት ቦታ፣ በዛፍ ሥር ወይስ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል እንደሆነ፣ ረጅሙ ጉዞዎ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ሲወጡ ስልክዎን እንደሚይዙ ወይም ቤት እንደሚተዉ ይጻፉ። ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ሁሉ ወደዚህ ወረቀት እየተመለሱ የሚያዩት ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱ የራሱ ጂፒኤስ እንዳለው ያረጋግጡ። ይህ ለመጠየቅ እንኳ የማያስፈልግ ይመስላል፤ ነገር ግን «ጂፒኤስ አለው» ተብለው ከሚሸጡት ርካሽ የእጅ አምባሮች መካከል ቦታውን በብሉቱዝ ከስልክ የሚቀበሉ ብዙ ናቸው። ስልኩ ከሌለ እነዚህ ርቀቱን የሚገምቱት በእጅ እንቅስቃሴ እርምጃ እየቆጠሩ ነው። ስልካቸውን ሁልጊዜ ለሚይዙ ሰዎች ይህ ችግር አይሆንም፤ ለሌሎች ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሊያስቡበት የሚገባው ጉዳይ ሰዓቱ ሳተላይቶችን የሚያዳምጥበት መንገድ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። ሰዓቱ የእያንዳንዱ ሲግናል ጉዞ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ፣ ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች በሚያገኘው መረጃ ያለበትን ቦታ ያሰላል። ሲግናሉ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ በጊዜው ላይ የአንድ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ስህተት ቢገባ ርቀቱ በ300 ሜትር ይዛባል። ሲግናሉ ከሕንፃ ግድግዳ ወይም ከገደል ላይ ነጥሮ ሲመጣ የሚፈጠረውም ይኸው ነው፤ መንገዱ ስለረዘመ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ሰዓቱም የሌሉበት ቦታ ላይ ያስቀምጥዎታል። የመጀመሪያውን ሰዓቴን አስሬ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል የሮጥኩ ዕለት አንዱን ኪሎ ሜትር በ2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ እንደጨረስኩ ነግሮኛል። ይህ ከ1,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ይፈጥናል። ካርታውን ስከፍተው መስመሩ ከመንገዱ ወጥቶ ጣሪያ ለጣሪያ ሲዘል አየሁት።

ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው ከአሜሪካው ጂፒኤስ በተጨማሪ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ አብሮ የሚያዳምጥ ሰዓት መምረጥ ነው፤ ከሰማዩ ግማሹ ቢሸፈን እንኳ በቂ ሳተላይት ይገኛል። ሁለተኛው ሳተላይቶቹ ከሚልኩት ከተለመደው ኤል 1 የሬዲዮ ሞገድ በተጨማሪ ኤል 5 የሚባለውንም የሚቀበል፣ በሁለት ሞገድ የሚሠራ ሰዓት ነው። የኤል 5 ሲግናል ኮድ ከተለመደው የኤል 1 ኮድ 10 እጥፍ ፈጣን በመሆኑ ቀጥታ የመጣውን ሲግናል ነጥሮ ከመጣው ለይቶ ማወቅ ይቀላል። በወረቀትዎ ላይ «ሕንፃ» ወይም «ሸለቆ» የሚል ቃል ካለ ለዚህ ተጨማሪ መክፈል ተገቢ ነው፤ «ክፍት ሜዳ» ብቻ ከሆነ ግን ልዩነቱን ለማየት ይቸገራሉ።

ባትሪው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ሳተላይትና ሁለት ሞገድ ማለት ብዙ ኃይል ማለት ስለሆነ፣ በማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈው የቀናት ቁጥር ጂፒኤሱ ጠፍቶ እንደ ተራ ሰዓት ሲያገለግል የሚቆይበት መሆኑን ልብ ይበሉ። የሚፈልጉት በቀናት ሳይሆን በሰዓታት የተገለጸውን ቁጥር፣ ያውም ሊጠቀሙበት ባሰቡት የሳተላይት አሠራር ላይ ያለውን ነው። ባትሪ ከዓመት ዓመት ይደክማል፣ ብርድም አቅሙን ይቀንሰዋል፤ በመሆኑም ከረጅሙ ጉዞዎ ሁለት እጥፍ የሚቆይ ቢሆን እመርጣለሁ። አንዳንድ ሰዓቶች ቦታን በየሰከንዱ መመዝገብ ትተው በየደቂቃው አንድ ነጥብ ብቻ በመያዝ ባትሪ ይቆጥባሉ። በነጥቦቹ መካከል ያለው መንገድ እንደ ቀጥታ መስመር ስለሚቆጠር ግን ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ርቀቱ ያጥራል።

ከዚያ ሰዓቱን እጅዎ ላይ ያስሩት። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ይገዛል። በንክኪ ብቻ የሚሠራ ስክሪን ሱቅ ውስጥ በደረቅ ጣት ሲነካ ያምራል፤ ላብ ያረጠበው ጣት ወይም ዝናብ ሲያርፍበት ግን ወይ አይታዘዝም፣ ወይ ያላዘዙትን ይሠራል። ለሩጫ በጎኑ ቁልፍ ያለው ይሻላል፤ ሳያዩ መጫን ይቻላልና። ስክሪኑንም ፀሐይ ላይ አውጥተው ይዩት፣ ቁጥሮቹ በጨረፍታ የሚነበቡ መሆናቸውንም ይፈትሹ። «5 ኤቲኤም» የሚለው ጽሑፍ በ50 ሜትር ጥልቀት ያለን የረጋ ውኃ ግፊት ይችላል ማለት እንጂ ይጠለቅበታል ማለት አይደለም።

የልብ ምት የሚለካው ከሰዓቱ ጀርባ በሚወጣው አረንጓዴ ብርሃን ሲሆን፣ ብርሃኑ በቆዳ ሥር ያለውን የደም ፍሰት ይከታተላል። ማሰሪያው ከላላ ወይም እጅዎ ከቀዘቀዘ ንባቡ ይዛባል፤ ስለዚህ ከአንጓው አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ጠበቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ለእግር ጉዞና ለለዘብተኛ ሩጫ ይህ ይበቃል። እየፈጠኑና እያዘገሙ የሚሠሩ ከሆነ ግን በደረት ላይ የሚታሰረውን ቀበቶ መቀበል የሚችል ሰዓት ይምረጡ።

ዳገትና ቁልቁለት የሚበዛበት ጉዞ የሚወዱ ሰዎች በአየር ግፊት ከፍታን የሚለካ ሰዓት ይፈልጉ፤ ጂፒኤስ ከፍታን የሚያውቀው ቦታን ከሚያውቀው ባነሰ ትክክለኛነት ነውና። የግፊት መለኪያዋ ቀዳዳ በላብ ጨው ስለምትደፈን ከሩጫ በኋላ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ይጠቅማል። የሮጡትን መዝገብ በጂፒኤክስ ፋይል (ልዩ ልዩ አፖች በሚያነቡት የመንገድ መዝገብ ዓይነት) አውጥተው ወደ ሌላ አፕ መውሰድ እንደሚችሉም ይጠይቁ፤ አለበለዚያ ሰዓቱን የቀየሩ ዕለት የዓመታት መዝገብዎ እዚያው ይቀራል።

ከገዙ በኋላ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ይሞክሩት። ከቤት ሲወጡ ወዲያው አይሩጡ፤ ሰዓቱ ሳተላይቶቹን ማግኘቱን እስኪያሳውቅ ክፍት ቦታ ላይ ቆመው ይጠብቁ። ከዚያ ወደ መሮጫ መም ይሂዱና በመጀመሪያው መስመር 10 ዙር ይሩጡ። የዚህ መስመር አንድ ዙር 400 ሜትር ስለሆነ ድምሩ 4,000 ሜትር ነው፤ ሰዓቱ ከ3,960 እስከ 4,040 ቢያሳይ እኔ እቀበለዋለሁ። ለመም የተዘጋጀ ልዩ አሠራር ካለው ለሙከራው ያጥፉት፤ ያ አሠራር ቁጥሩን ራሱ ያርመዋልና። በሌላ ቀን ደግሞ በአንድ መንገድ ሄደው በዚያው ይመለሱና ሁለቱ መስመሮች በካርታው ላይ ምን ያህል እንደተቀራረቡ ይመልከቱ።

ውድድር ላይ የሚታየው ልዩነት ግን ሁልጊዜ የሰዓቱ ጥፋት አይደለም። 42.195 ኪሎ ሜትር የሆነው የማራቶን መንገድ የሚለካው ሯጭ ሊሄድበት በሚችለው አጭሩ መስመር፣ ኩርባዎቹን በውስጥ በኩል ተጠግቶ ነው፤ እንዳያጥርም በሺህ አንድ እጅ፣ ማለትም 42 ሜትር ያህል ይጨመርበታል። በሕዝብ መካከል እየተሹለከለከ፣ ኩርባውን በውጭ በኩል እየዞረ የሚሮጥ ሰው ከዚያ በላይ መሮጡ አይቀርም። ስለዚህ በውድድር ቀን በየኪሎ ሜትሩ ራሱ የሚቆጥረውን አሠራር ያጥፉና፣ በመንገዱ ዳር የተተከለው የኪሎ ሜትር ምልክት አጠገብ በደረሱ ቁጥር የዙር ቁልፉን በእጅዎ ይጫኑ።