ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት አምፖሉን ወስኑ

ቤት ልታስቀቡ ወይ መጋረጃና ሶፋ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ መወሰን ያለበት ቀለሙ ሳይሆን ማታ የምታበሩት አምፖል ነው። ብዙ ሰው ግን በግልባጩ ነው የሚሄደው፣ ካታሎግ ላይ ያማረውን ክሬም መርጦ ያስቀባና ኤሌክትሪሻኑ ያመጣለትን አምፖል ይሰቅላል፣ ማታ ሲያበራው ግድግዳው ሌላ ቀለም ሆኖ ቁጭ፣ ከዛ ቀቢው ይወቀሳል። ቀቢው ምን ያድርግ? እኛ የምናየው ግድግዳው ላይ አርፎ የተመለሰውን ብርሃን ነው፣ አምፖሉ ውስጥ የሌለ ቀለም ደግሞ ከግድግዳው ሊመጣ አይችልም።

የአምፖሉ ካርቶን ላይ ብርሃኑ ቢጫ ይሁን ነጭ የሚናገር በኬልቪን (K) የተጻፈ ቁጥር አለ። 2700 ወይ 3000 ከሆነ ሱቅ ውስጥ ዋርም የሚሉት ቢጫው ነው፣ 4000 መሃለኛው ነው፣ 6500 ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነጩ። ዋርሙ ቀይ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቡኒ ያደምቃል፣ የእንጨት ዕቃ በጣም ያምርበታል፣ ሰማያዊና ግራጫ ግን ይሞትበታል። 6500ው ሰማያዊውን ጥርት አድርጎ ያወጣና ክሬሙንና ቢጁን አመድማ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ክሬም ግድግዳና ቡኒ ሶፋ ያለው ሰው ሳሎኑ ላይ 6500 ባይሰቅል እመክራለሁ። ለሳሎንና ለመኝታ ቤት 2700 ወይ 3000፣ ለኪችን 4000 በቂ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ደግሞ አትቀላቅሉ፣ ጂፕሰሙ ላይ ያለው ስትሪፕ መብራት ነጭ፣ መሃል ያለው አምፖል ቢጫ ከሆነ አንዱ ግድግዳ ሁለት ቀለም ይሆናል።

ሁለተኛው ቁጥር ብዙ ሰው የማያየው ነው፣ ሲአርአይ (CRI) ይባላል፣ አምፖሉ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካ ነው። የድሮው የሚያቃጥለው አምፖል 100 አካባቢ ነበር፣ የተለመደው ኤልኢዲ 80 አካባቢ ነው፣ 90 እና ከዛ በላይ ካገኛችሁ ትንሽ ቢወደድም ግዙት። ርካሽ ኤልኢዲ በተለይ ደማቅ ቀይ ላይ ደካማ ነው፣ ዶሮ ወጡ ጠረጴዛ ላይ ቡኒ መስሎ የሚታየው፣ የቀሚሱ ቀይ ጥለት የሚፈዘው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ ካርቶን ላይ ሁለቱንም በአንድ ባለ ሦስት አሃዝ ኮድ ይጽፉታል፣ 827 ካለ 8ቱ ሲአርአዩ ሰማንያ ቤት ነው ማለት ነው፣ 27ቱ ደግሞ 2700 ኬልቪን። 940 ካለ ዘጠና ቤት፣ 4000 ኬልቪን።

አሁን ወደ ቀኑ ብርሃን። አዲስ አበባ ላይ በበጋ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በደቡብ በኩል ያለ መስኮት ፀሐይ ያገኛል፣ በሰሜን ያለው ግን የሰማዩን ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው የሚያስገባው፣ ወደ ሰሜን የምትዞረው ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ነው፣ በዛ መሃል ደግሞ የክረምቱ ደመና ይመጣል። ስለዚህ በሰሜን በኩል ያለ ክፍል ላይ ግራጫ ቀለም ቀዝቃዛ ይሆናል፣ ትንሽ ቢጫ ያለበት ኦፍ ዋይት ይሻለዋል። ወደ ምዕራብ የዞረ ክፍል ደግሞ አመሻሹ ላይ ብርቱካናማ ስለሚሆን ፒች ምናምን ከቀባችሁት ይበዛበታል። ውጪውንም እዩ፣ ፊት ለፊት የጎረቤት አረንጓዴ ቆርቆሮ ካለ ፀሐይ ሲመታው አረንጓዴው ገብቶ ነጭ ግድግዳችሁ ላይ ያርፋል፣ ኦፍ ዋይት የመጣውን ሁሉ ይቀበላል።

ግድግዳውን ከማስቀባታችሁ በፊት ቀለሙን የምትሞክሩት እንዲህ ነው። ትንሹን ቆርቆሮ ቀለም ግዙና ወፍራም ነጭ ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ቀቡት፣ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ተዉለት፣ አሮጌው ግድግዳ ላይ በቀጥታ ከቀባችሁ የድሮው ቀለም ዓይናችሁን ያታልላል። በደንብ ይድረቅ፣ እርጥብ ቀለም ሲደርቅ ይቀየራል። ከዛ መስኮት አጠገብም፣ ጥግም፣ መስኮቱ ያለበት ግድግዳ ላይም እያዟዟራችሁ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በራሳችሁ አምፖል እዩት። ቀን ሥራ ውላችሁ ማታ ብቻ የምትቀመጡበት ሳሎን ከሆነ የማታው ይወስን።

ለጨርቅ ደግሞ የሶፋውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት ጨርቅ በሱቁ መብራት አንድ መስሎ ቤት ሲገባ ሊለያይ ይችላል፣ ማቅለሚያቸው የተለያየ ስለሆነ ማለት ነው። መርካቶም ይሁን ሌላ ቦታ ሻጩን እስከ በሩ ላውጣው በሉት፣ ደጅ ላይ እዩት፣ ከተቻለ ቁራጭ ጠይቃችሁ ቤት ወስዳችሁ ማታ ድገሙት። ውጪ አገር ላለች እህታችሁ በቴሌግራም ፎቶ ልካችሁ ምረጪልኝ ማለት ለቀለም አይሆንም፣ ካሜራው ብርሃኑን በራሱ ያስተካክላል፣ እሷም የምታየው በስልኳ ስክሪን ነው።

አምፖሉ ሲመረጥ የካርቶኑን ቁጥሮች ፎቶ አንሱና አስቀምጡ፣ አንዱ ሲቃጠል ተመሳሳዩን ለመግዛት ያስፈልጋችኋል።